የጸሐፊው እሬት

ሰው ሲሠለጥን ምን ያደርጋል ትላላችሁ? አዳማ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ የሆነ አንድ ወዳጄ፣ ፈረንጁ አለቃው በጣሳ አበባ ሲያሳድግ አይቶ እሱም እሬት ተከለ። ያውም ከቤቱ ጀርባ ካለው ኮረብታ ነቅሎ! ፍየል እንኳ የማይቀምሰውን፣ ዝናብ ቢቀር የማይገደውን ተክል መስኮቱ ላይ አስቀምጦ ጠዋት ማታ ውኃ ያጠጣዋል፤ በክርም ይለካዋል። ሦስት ወር ሙሉ ጥፍር ታህል አላደገም።

«እንግዳ ስለሆነ ነው፤ አገሩን እስኪለምድ» ይለኛል። አገሩ እኮ ከጓሮው ነው!

አንድ ጠዋት ወተት የምታመጣለት አደ ጫልቱ እሬቱን አየችው። በእሷ ቀዬ እሬት የሚተከለው መቃብር ላይ ነው። መስኮቱ ላይ የተከለው መቃብሩ ቢርቅበት ነው ብላ ገመተችና የወተት ቅሏን አስቀምጣ፣ «ያ ረቢ! ልጄ፣ ማን ሞተብህ?» እያለች እሪ አለች። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረሰ። ማን እንደ ሞተ የጠየቀ የለም። ምን ልደብቃችሁ፣ እኔም አልቅሻለሁ።

ወዳጄ «ኧረ ማንም አልሞተም! የተከልኩት አበባ ነው!» ቢል ማን ይስማው? «አይ፣ ሐዘኑ አናቱ ላይ ወጥቶበት ነው» ተባባልን።

በሳምንቱ እሬቱ ከውኃ ብዛት ሥሩ በስብሶ ተገነደሰ። ለካ እኛ ለቅሶ ደራሾቹ አልተሳሳትንም፤ አንድ ሳምንት ቀደምን እንጂ።