የያማሞቶን ዘር የቆጠርኩ ዕለት

ዛሬ ያደረግሁትን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት። ደብረ ታቦር ትንሽ ከተማ ናት፤ አንዳንዶቻችሁ እንደሰማችሁ ኢንቦክሴን ሳየው ገብቶኛል።

"እትዬ ስመኝ፣ እውነት ነው?" ትላላችሁ።

እውነት ነው።

ለማታውቁኝ ልንገራችሁ፤ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሥራዬ የሰው ስም መጻፍ ነበር። የልደት መዝገብ፣ የጋብቻ መዝገብ፣ የሞት መዝገብ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሰው በእነዚህ ሦስት ስሞች መካከል ምን እንደሚደብቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር።

እስከ ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ድረስ!

ጎረቤቴ ጥሩወርቅ ትባላለች። አጥራችን አንድ ነው፤ ሰላምታችን ግን አጥሩን ተሻግሮ አያውቅም። ምክንያቱን እደርስበታለሁ፣ አትቸኩሉ።

ልጇ ህሊና ሌላ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከእናቷ ቤት ይልቅ እኔ ጋ ትውል ነበር። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። እኔ ልጅ የለኝም። እናቷን የማልወደውን ያህል እሷን እወዳታለሁ።

ህሊና ጉና ተራራ ሥር የድንች ዘር በሚባዛበት ፕሮጀክት ትሠራለች። እዚያው ከጃፓን ከመጣ ባለሙያ ጋር ተዋወቀች። ኬንጂ ይባላል። አማርኛ የተማረው ከጉና ገበሬዎች ነው። ባየኝ ቁጥር "እትዬ፣ እንዴት አደሩ? ከብቱስ ደህና ነው?" ይለኛል።

ከብት የለኝም። ገበሬዎቹ ሰላምታ ሲያስተምሩት ከብቱን ጨምረው ስላስተማሩት፣ ሳይጠይቅ አያልፍም።

ተፈላለጉ። ሽማግሌ ይላካል ተባለ። የልጁ እናትና አባት ከጃፓን ድረስ መጡ።

ባለፈው ሳምንት ህሊና የጥሪ ካርድ ተሸክማ እቤቴ ገባች። "እትዬ፣ እንደ እርስዎ ያለ የእጅ ጽሑፍ የለም። ስሞቹን እርስዎ ይጻፉልኝ" አለችኝ። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣ "ደግሞ የሰርጌ ዕለት ከእናቴ ቀጥሎ የእርስዎን ጉልበት ነው የምስመው። ይመርቁኛል፤ አይደል?" አለች።

ሙሽራ የማንን ጉልበት እንደምትስም ታውቃላችሁ። የወላጆቿን ነው። እንዳላለቅስ ብዬ "ሂጂ፣ ሥራ አለኝ" አልኳት።

የእንግዶቹን ስም በቴሌግራም ላከችልኝ። አባት፣ ሂሮሺ ያማሞቶ። እናት፣ ዮኮ ያማሞቶ። ልጅ፣ ኬንጂ ያማሞቶ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

እስቲ እንደኔ አንብቡት። ሂሮሺ የያማሞቶ ልጅ። ዮኮም የያማሞቶ ልጅ። እንግዲህ ባልና ሚስት የተባሉት ሰዎች የአንድ አባት ልጆች ናቸው!

እንዳልቸኩል ብዬ፣ "ምናልባት ያማሞቶ የሚባሉ ሁለት ሰዎች ይኖሩ ይሆናል" አልኩ። ከዚያ የልጁን ስም አየሁ። አባቱ ሂሮሺ ከሆኑ ኬንጂ ሂሮሺ መባል ነበረበት። ለምን በአያቱ ተጠራ? በእኛ አገር ልጅ አባቱን ዘልሎ በአያቱ ስም የሚጠራው ወይ አያቱ ሲያሳድጉት ነው፣ ወይ የሚደበቅ ነገር ሲኖር። ስንቱን በእጄ መዝግቤያለሁ።

የሚደበቅ ነገር አለ አልኩ።

አሁን የሚያሳፍረው ይመጣል። ህሊናን መጠየቅ እችል ነበር። ስልኩ እጄ ላይ ነው። "ልጄ፣ ይሄ ያማሞቶ ምንድን ነው?" ብዬ ብጽፍላት በሁለት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ጎግልም ነበረ። የጉልበት ሕመም መድኃኒት ሌሊትና ቀን የምፈልግበት ጎግል።

አልጠየቅኩም። መልሱ ሌላ እንዳይሆን ፈራሁ።

ለምን ብትሉኝ፣ ይኸውላችሁ ምክንያቱ።

ከአርባ ዓመት በፊት እኔም ታጭቼ ነበር። አያሌው ይባል ነበር፤ ነፍሱን ይማረው። ሽማግሌ ተቀምጦ ነገሩ ሊያልቅ ሲል የጥሩወርቅ አባት ብድግ አሉ። የአገሩን ሰው ሁሉ ዘር የሚያውቁ ሰው ነበሩ። "እነዚህ ልጆች በስድስተኛው ቤት ይገናኛሉ" አሉ። ሰባት ቤት ካልሞላ ጋብቻ የለም። አባቴ አንገታቸውን ደፉ። ለእኔ የተጠመቀው ጠላ ለማኅበር ዋለ።

በዓመቱ አያሌው ማንን አገባ?

ጥሩወርቅን። የቆጣሪውን ልጅ።

እኔ ሌላ አላገባሁም። "ሰውዬው አማች ሲያምራቸው የሌለ ዘር ቆጥረው እጮኛዬን ቀሙኝ" እያልኩ፣ ለሰማኝ ሁሉ አርባ ዓመት አወራሁ።

እንግዲህ ካርዱ ላይ ያማሞቶ የሚለውን ስም ደጋግሜ ስጽፍ ምን እንደተሰማኝ ገመቱ። እጄ አላረፈም። ጽሑፌ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ጥሩወርቅ ቤት ተሰበሰብን። ኬንጂ እዚህ ዘመድ ስለሌለው ሦስት የጉና ገበሬዎች ሽማግሌ ሆነውለት መጡ። ታላቃቸው አያ ካሴ እንደ ደንቡ "ዘር ይቆጠር" ሲሉ ሰው ሳቀ።

"ጃፓንና ጉና በስንተኛው ቤት ሊገናኙ ነው?" አለ አንዱ።

ተነሣሁ።

"እኔ ጥያቄ አለኝ" አልኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፤ አርባ ዓመት ሲለማመድ የኖረ ድምፅ ነው። "ሙሽሮቹ አይገናኙም። የሙሽራው እናትና አባት ግን ወንድምና እህት ናቸው። ያማሞቶ የሚባል የአንድ ሰው ልጆች። ስማቸውን በእጄ ጽፌዋለሁ። ጥሩወርቅ ልጇን ለምን ዓይነት ቤት እንደምትሰጥ ታውቃለች ወይ?"

አያ ካሴ ወደ ሙሽራው ዞሩ።

የኬንጂ አባት ምን እንደተባለ ለማወቅ ልጃቸውን አዩት። ልጁ ግን እኔን አየኝ።

"ተርጉምላቸው እንጂ" አልኩት።

አዎ፣ ይህንንም ያልኩት እኔ ነኝ። አንድን ልጅ በወላጆቹ ላይ የተሰነዘረ ስድብ ለወላጆቹ እንዲተረጉም አዘዝኩት። ጆሮው ደም መሰለ። ህሊና "እትዬ!" ብላ ብድግ አለች።

ተረጎመ። ቀስ ብሎ፣ መሬት መሬት እያየ።

አባትየው ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። እናትየው በእኔ ዕድሜ ያሉ፣ ደቃቃ ሴት ናቸው፤ ያልገባቸው መስሎ መልሰው ጠየቁት። ደገመላቸው። ከዚያ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር።

አስለቀስኳቸው ብዬ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቁ ነው።

"እማዬ የምትለው" አለ ኬንጂ፣ "ወንድሜ ቢሆን ኖሮ ገና ድሮ ለእናቴ ከስሼ አስገርፈው ነበር።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባትየው ሳይቀሩ ሳቁ። ከእኔ በቀር።

"እትዬ" አለኝ ኬንጂ፣ ሳቁ ጋብ ሲል። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ያማሞቶ ሰው አይደለም። የአባቴም አባት አይደለም። የተራራ ሥር ማለት ነው። የቤተሰብ ስም ነው።"

ከዚያ ለሁሉም አስረዳ። ድሮ በአገራቸው በይፋ የቤተሰብ ስም የሚይዘው መኳንንቱና ወታደሩ ነበር እንጂ ገበሬው አልነበረም። ኋላ መንግሥት ሁሉም ሰው ስም ይዞ ይመዝገብ አለ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱ ያለበትን ቦታ ስሙ አደረገው። ሩዝ ማሳ መካከል ያለው ታናካ ተባለ። ከውሃ ጉድጓድ በላይ ያለው ኢኖዌ። ትንሽ ጫካ ያለበት ኮባያሺ።

"ስለዚህ ያማሞቶ የሚባል ሁሉ ዘመድ አይደለም" አለ። "ተራራው ብዙ ነው።"

እዚያ በውርደት ቆሜ እንኳ ሐሳቤ የሄደው ያን ጊዜ መዝገብ ፊት ወደተቀመጠው ጸሐፊ ነው። አገር ሙሉ ተሰልፎለታል። "ስምህ ማነው?" ይላል። "ቆይ፣ ቤቴን አስቤ ልንገርህ" ይለዋል ገበሬው። እኔ ብሆን ሰውዬውን ዋሽተሃል ብዬ እመልሰው ነበር።

"እናትህስ?" አለች አንዷ ሴት። "እሳቸውም ቤታቸው ተራራ ሥር ነበር?"

"እማዬ ኢሺካዋ ነበረች። የድንጋይ ወንዝ ማለት ነው። ሲጋቡ ባልና ሚስት አንድ ስም ይያዙ ይላል ሕጋችን። ብዙ ጊዜ የራሷን የምትተወው ሴቷ ናት።"

"የአባቷን ስም አስጥለዋት?" አለች ሴትዮዋ፤ ሴቶቹ ሁሉ አጉረመረሙ።

እናትየው ኢሺካዋ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ቀና አሉ። "ኢሺካዋ" አሉ እሳቸውም፣ ለራሳቸው። ስንት ዓመት ሰው በዚህ ስም እንዳልጠራቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቅ ነበር። እኚህን ሴት ነው እንግዲህ ከወንድሟ ወለደች ያልኩት።

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ እንደቆምኩ ነኝ። ተቀመጪ ያለኝም የለም።

"እኔም ቤቴ ጉና ሥር ነው" አሉ አያ ካሴ። "እንግዲያ ያማሞቶ ነኛ!"

"ያማ ከሆነ ሙሽራው ዘመድዎ ነው" አላቸው ጎናቸው ያለው። "ሽማግሌነቱ ይቅርብዎ።"

"እትዬ ስመኝ ይቁጠሩና ይንገሩን።"

"እኔ ወንዝ መሻገሪያው አጠገብ ነኝ፣ ለእኔስ ምን አለህ?"

"ዋታናቤ" አለ ኬንጂ።

"ለስመኝስ?" አሉ አያ ካሴ። "አጥር ሥር የሚባል የለም?"

ሳቁን ጎረቤት ሳይሰማው አልቀረም። ኬንጂ ግን አልሳቀም። "እትዬ የአባታቸው ስም አላቸው" አለ፣ አክብሮኝ። ከስድቡ ሁሉ ያ ባሰብኝ። ነጠላዬን በፊቴ ላይ ጎትቼ ወጣሁ።

ግቢው መካከል ስደርስ "ስመኝ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥሩወርቅ ናት። ስሜን በአፏ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ።

"አባቴን ልትበቀዪ ነው የተነሣሽው" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "አባቴ ግን ቆጥሮ ነው የተናገረው።"

ዝም አልኳት። መልስ አጥታ ነው ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

አይደለም። መልሱን ስለማውቀው ነው።

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ከሃያ ዓመት በፊት እብናት ለለቅሶ ሄጄ የአባቴን አክስት አገኘሁ። ሰውዬው መዋሸታቸውን በጽሑፍ ልይዝ ብዬ ዘራችንን አስቆጠርኳት። የእኔን በአንድ በኩል፣ የአያሌውን በሌላ በኩል እየጻፍኩ ወጣሁ። በስድስተኛው ቤት ሁለቱም መስመር አንዲት ሴት ላይ አረፈ።

ሽማግሌው ልክ ነበሩ። ጥሩወርቅ ደግሞ ባሏን ከማንም አልቀማችም።

ወረቀቱን ቀደድኩት። ወደ ቤቴ ተመለስኩና ቂሜን ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ሰው ታሪኬን ሲሰማ ከንፈር ይመጥልኝ ነበር፤ ለካ ይህም ይለመዳል። ቂሙን ብጥለው ምን ይዤ እቀመጥ ነበር? እዚህ ፔጅ ላይም "ስለተቀማው እጮኛዬ" ሁለት ጊዜ ፖስት አድርጌያለሁ። ላይክ ያደረጋችሁ፣ ተበላችሁ።

ከሰዓት በኋላ ህሊና መጣች። አልገባም አለች፤ በሩ ላይ ቆመች።

"ነገሩ አልቋል፤ ሰርጉም አይቀርም" አለችኝ። "ኬንጂ ይቅር ብሏል፣ እናቱ እንዲያውም እርስዎ ሌላ ነገር ተናግረው እንዲያስቋቸው ይፈልጋሉ።"

"አንቺስ?" አልኳት።

"እኔ የእናቴ ልጅ ነኝ፣ እትዬ።" አንገቷን ደፋች። "የእርስዎን ጉልበት የምስመው እናቴ ከፈቀደች ብቻ ነው። እሷን ይጠይቋት።"

ሄደች።

ህሊና፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። አያትሽ ልክ መሆናቸውን ከሃያ ዓመት በፊት ማወቄን ከእኔ በፊት ለእናትሽ አትንገሪብኝ። ነገ ጠዋት በመንገዱ በኩል ዞሬ በሯን አንኳኳለሁ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ፣ ከእኔ ይልቅ ብልህ የሆናችሁ፣ አንድ ነገር ምከሩኝ። ይቅርታ የሚጀመረው ከቅርቡ ነው ከሩቁ? ከዛሬው ከጀመርኩ ያማሞቶን ተናግሬ፣ አስቄ፣ የሃያውን ዓመት ሳልነካ እንደምወጣ ራሴን አውቀዋለሁ። ከሩቁ ከጀመርኩ ደግሞ፣ ጥሩወርቅ እስከ ዛሬዋ እሑድ እስክደርስ ድረስ በሩን ሳትዘጋ ትሰማኛለች?