ሃያ እርምጃ ከነምርቃቱ

በሕጉ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ይህን የጻፉት ሰዎች ግን ሰፈር ውስጥ አልኖሩም መሰለኝ። በየሰፈሩ ድንበሩን ሁሉ በልቡ የያዘ አንድ ሽማግሌ አለ፤ መሬቱም፣ እውነቱን ለመናገር፣ የእሱ ነው። ሌላው ሰው ቤት ሠርቶ፣ ጎመን ተክሎ፣ ልጅ ድሮ የሚኖረው ሽማግሌው «እስከዚህ ድረስ ያንተ ነው» ስላለ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ሰፈሩ ሁለት ጊዜ ያለቅሳል፤ አንዴ ለሟቹ፣ አንዴ ለድንበሩ።

በመካነ ሰላም፣ ከገበያው በታች ወደ ወንዙ በሚወርደው ሰፈር፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ጋሽ ዓባይነህ ናቸው። ሐረግ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ በማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ሆና በተቀጠረች በሦስተኛው ቀን ስማቸውን አየች። ያየችው ግን እንደ ሰው ስም አልነበረም። ከመዝገብ ቤት ያወጣችው አሮጌ ወረቀት «ርዝመቱ ሃያ በዓባይነህ» ይላል። ግራ ቢገባት አለቃዋን ጠየቀች።

«ኪሎ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አላት።

«አውቃለሁ።»

«ሜትርስ?»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ዓባይነህም እንደዚያ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ለሰፈሩ ሰው ቦታ ሊመራ የመጣው ሠራተኛ የያዘው የጨርቅ ሜትር ነበር፤ ከአራት እስከ ዘጠኝ ያለውን ደግሞ አይጥ በልቶታል። በዚያን ቀን ችካል ለመሸከም የተቀጠሩት የሃያ ሰባት ዓመቱ ዓባይነህ ነበሩ። ሠራተኛው ከአይጥ በተረፈችው ሜትር ላይ ደጋግሞ አስኪዶ አያቸው። አራት እርምጃቸው ሁልጊዜ ሦስት ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ አንድ ጣት አይጎድል፣ አንድ ጣት አይተርፍ። «በል አንተ ሂድ፣ እኔ እጽፋለሁ» አላቸው። ዓባይነህ ሄዱ፤ ሰፈር ሆነ።

ከዚያን ቀን ወዲህ እንደ ተራ ሰው ተራምደው አያውቁም። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ይቆጥራሉ። ለቅሶ ሲደርሱ ከበሩ እስከ ድንኳኑ ይቆጥሩና፣ ሐዘንተኛውን አጽናንተው ሲያበቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ድንኳኑ ሁለት እርምጃ ወደ ጎረቤት ገብቷል፤ ለዛሬ ግድ የለም» ብለው ይቀመጣሉ።

አንድ ጊዜ የአባታቸውን ግቢ ሲካፈሉ ዱላ የተማዘዙ ወንድማማቾች ነበሩ። ጋሽ ዓባይነህ ለክተው መሀሉ ላይ ድንጋይ አስቀመጡ፤ ከዚያ ድንጋዩ ላይ ራሳቸው ተቀመጡ። «አብሽሩ፣ እኔ አልቸኩልም» አሉ። ምሳ መጣላቸው፤ በሉ። ዝናብ መጣ፤ ጃንጥላ ዘረጉ። አመሻሹ ላይ ወንድማማቾቹ ታረቁ። አንዱ አንዱን አሳምኖ አይደለም፤ ሁለቱም እሳቸውን መቀለብ ስለሰለቻቸው ነው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ደላላ የሚያብለጨልጭ የብረት ሜትር ይዞ መጣና የእሳቸውን ልክ «ግምት» አለው። ጋሽ ዓባይነህ አልተቆጡም። «ወንድሜ፣ እስቲ ያን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ለካልኝ» አሉት። ለካ። የጭቃ ግድግዳ ነውና ሦስት ቁጥር አወጣ። «እንግዲያው ሜትርህ ሐሳቡን እስኪቆርጥ እዚያ ጥላ ሥር እንጠብቅህ» አሉና ወደ ሰዎቹ ዞር ብለው የታወቀችውን ቃላቸውን ጣል አደረጉ። «እርምጃ አይዋሽም።»

ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ሰነድ ለሌላቸው ይዞታዎች ካርታ ሊሰጥ ሲነሣ፣ ተራው የዚህ ሰፈር ሆነ። ሐረግ ባለ ሦስት እግር መሣሪያዋን ይዛ ወረደች። መሣሪያው የዛሬውን አጥር ሊለካ ይችላል፤ የጥንቱ ድንበር የት እንደነበር ግን የሚናገረው ምስክር ነው። ምስክሩ ሲናገር ጎረቤቶች ከተስማሙ ካርታ ይሠራል። ካልተስማሙ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይገባል፤ ፍርድ ቤት የገባ ድንበር ደግሞ የልጅ ልጅ ያሳድጋል። እንግዲህ ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በጋሽ ዓባይነህ ሁለት እግሮች ላይ ነበር።

ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ለሠርግ እንደሚሄድ ሰው ሆነው መጡ። ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ይጠብቃቸዋል። ከመንገዱ ዳር እስከ ወንዙ አሥር ቦታ ነው፤ እያንዳንዱ ሃያ እርምጃ፣ በድምሩ ሁለት መቶ። መጀመሪያ ጠቅላላውን ሊለኩ ተነሡ። ሕዝቡ እንደ ታቦት አጅቧቸው ወረደ።

«ሁለት መቶ!» ብለው ቆሙ።

የቆሙት የሰው ጎመን መሀል ነው። ወንዙ ከታች፣ ከሩቅ ይሰማል።

ጋሽ ዓባይነህ ወንዙን አዩት፤ ጎመኑን አዩት፤ እንደገና ወንዙን አዩት።

«ወንዙ ሸሽቷል» አሉ።

አንድ ሰው ሊስቅ ጀምሮ ወደ ሳል ለወጠው። «ምን ያስቃል? ወንዝ እግር እንዳለው ዛሬ ነው የምትሰሙት?» ብለው ሽቅብ ተመለሱ።

ቀጥሎ ቦታ በቦታ ሆነ። የመጀመሪያው የሀጀራ ነው። ሀጀራ ዘጠኝ ዓመት ጅዳ በሰው ማድ ቤት ቆማ፣ በተመለሰች በሁለተኛው ዓመት ከአባቷ ቦታ ላይ የብሎኬት ቤት ሠርታለች። ኋላ ያለውን ክፍል የሠራችው ለእናቷ ለእቴቴ ነው። እቴቴ እግራቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ከዚያ ክፍል አይወጡም። በመስኮቱ ወንዙን ያያሉ።

ጋሽ ዓባይነህ ከመንገድ ዳሩ ድንጋይ ተነሡ። ግቢውን አቋረጡ፣ በረንዳውን ወጡ፣ ጫማቸውን ጠርገው ሳሎኑን አለፉ። «አሥራ ስምንት... አሥራ ዘጠኝ... ሃያ!» እግራቸው ከኋለኛው ክፍል ደፍ ላይ አረፈች። ክፍሉ በሙሉ ከደፉ ወዲያ ቀረ።

«ጋሼ፣ ወላሂ ተሳስተዋል!» አለች ሀጀራ። «ያን ግድግዳ ያቆምኩት አባቴ በተከለው አጥር ላይ ነው!»

«አባትሽ፣ አላህ ይማረው፣ ሳያውቅ ገፍቶ ይሆናል።»

ከአልጋው ላይ እቴቴ ቀና አሉ። «ሀጀራ፣ ታዲያ እኔ አሁን የማን ነኝ?»

«የወርቄ ነዎት!» አለ አንድ ሰው በመስኮቱ።

«ወርቄማ ደግ ናት። ራዲዮዋን ብቻ ትቀንስልኝ።»

እትዬ ወርቄ፣ ቀጥሎ ያለው ቦታ ባለቤት፣ በገበያ ቀን ጤፍና ስንዴ ሰፍረው የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሦስት ሜትር ከሰማይ ሲወርድላቸው «እኔ እንኳ የሰው አልፈልግም፤ የራሴ ከሆነ ግን...» ማለት ጀምረው ነበር። አልጨረሱትም። ጋሽ ዓባይነህ ከደፉ ተነሥተው የሳቸውን ሃያ ሲቆጥሩ፣ የእህል ጎተራቸው ለቀጣዩ ጎረቤት ለበፍቃዱ ደረሰ። በፍቃዱ ደስ ሳይለው የእሱ ጓሮ ለሌላው ሄደ። ሁሉም ሰው ቤቱ በጎረቤቱ መሬት ላይ ቆሞ ተገኘ። አርባ ዓመት እሳት ተጫጭሮ የኖረ ሰፈር በአንድ ጠዋት «አጥር ገፊ!»፣ «አንተ አትብስም!» ይባባል ጀመር።

ሀጀራ ከጫጫታው ወጥታ ሐረግ ዘንድ መጣች። «ኢንጂነር፣ ክፍሉ ይፈርሳል?»

ሐረግ የምስክሩን ቃል ከጻፈች ክፍሉ ይፈርሳል። «አልተስማሙም» ብላ ከጻፈች ፍርድ ቤት ነው፤ እቴቴ ደግሞ ፍርድ ቤትን የሚጠብቅ ዕድሜ የላቸውም። ከሰው ዓይን ለመሸሽ አንገቷን ደፋች። ያን ጊዜ ነው መሬቱን ያየችው።

ሌሊት የዘነበው ዝናብ መተላለፊያውን አርሶታል። ጭቃው ላይ የጋሽ ዓባይነህ ዱካ ተራ በተራ ተቀምጧል። ሐረግ ቁጢጥ ብላ ሜትሯን ከተረከዝ እስከ ተረከዝ ዘረጋች። ስድሳ ሳንቲ ሜትር። ቀጣዩን ለካች። ስድሳ። በሦስት ሜትር ውስጥ አምስት እርምጃ እንጂ አራት የለም። ወንዙ አልሸሸም። ማንም ከማንም አልሰረቀም። ያረጀው መለኪያው ነው።

አወቀችው፤ አፏ ግን አልታዘዛት አለ። ዩኒቨርሲቲም እጇን ማውጣት ስለምታፍር መልሱን በወረቀት ጽፋ ለመምህሩ የምትሰጥ ልጅ ነበረች። ደግሞስ ምን ብላ ትናገር? አርባ ዓመት ሙሉ ሰፈር የታመነበትን እግር በአደባባይ «አጥሯል» ትበለው? ጋሽ ዓባይነህ አጥሩን ተደግፈው ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ይጠርጋሉ። ስድቡ ሲበዛ ሰምተው፣ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ እንዳልገባው ሰው ዓይናቸው ይንከራተታል።

ከኋላዋ አንድ ሰው ተነፈሰ። እትዬ ወርቄ ናቸው። ሜትሩን አዩ፤ ተረከዙን አዩ፤ ሽማግሌውን አዩ። ሠላሳ ዓመት ስፍር የያዘ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፉና ሰፈሩ ሁሉ እስኪሰማ ጮኹ።

«ጋሼ! አንድ ነገር ረስተዋል!»

«እኔ? ምን ረሳሁ?»

«ምርቃቱን ነዋ!»

«የምን ምርቃት?»

«እኔ አራት ጣሳ እህል የገዛኝን ሰው ሳልመርቅለት ሸኝቼ አላውቅም። ደረቅ ስፍር የስስታም ነው። እርስዎ ያኔ ሲለኩልን ለአራት እርምጃ አንድ ይመርቁልን አልነበር? ዛሬ ምን አስቀየምንዎት፣ ደረቁን የለኩብን?»

ጫጫታው ቆመ። ጋሽ ዓባይነህ ያኔ ምንም እንዳልመረቁ ከማንም በላይ ያውቃሉ። እትዬ ወርቄን አዩ። ሐረግን አዩ። ጭቃው ላይ የተዘረጋውን ሜትርና ከሥሩ ያለውን የራሳቸውን ዱካ አዩ። እዚያ ላይ ዓይናቸው ቆየ።

«ኤዲያ!» አሉ በመጨረሻ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እሱማ አለ።»

ወደ ሀጀራ ቤት ተመልሰው ደፉ ላይ ቆሙ። «አንድ... ሁለት...» በእቴቴ አልጋ ጎን አለፉ። አምስተኛዋ እርምጃ የኋላውን ግድግዳ ነካች።

«ሃያ፣ ከነምርቃቱ» አሉ።

«አሁንስ የማን ነኝ?» አሉ እቴቴ።

ሀጀራ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሻርፗ ዓይኗን ጠረገች። «የኔ ነሽ፣ እማ። የኔ ነሽ።»

ከዚያ ወዲያ ሥራው እንደ ውሃ ወረደ። የወርቄ ጎተራ ለወርቄ፣ የበፍቃዱ ጓሮ ለበፍቃዱ ተመለሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የመጨረሻው ችካል ወንዙ ዳር ተተከለ። አሥሩም አባወራና እማወራ «በቀድሞው ድንበር ተስማምተናል» በሚለው ቃለ ጉባኤ ላይ ፈረሙ፤ ጠዋት የተሰዳደቡትም እስክሪብቶ ተቀባበሉ።

በማግሥቱ ሐረግ ቢሮዋን ስትከፍት ጋሽ ዓባይነህን በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉ።

«ያን ሜትርሽን አምጪው» አሉ።

ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ግድግዳ ሳይዙ፣ ቀና ብለው፣ እንደ ሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ሆነው ተራመዱ።

«ስንት ነው?»

«ጋሼ፣ ወለሉ ሰም ስለተቀባ ያንሸራትታል...»

«ልጄ። ስንት ነው?»

«ስድሳ።»

ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። «ጻፊው» አሏት።

«ጉዳዩ እኮ ትናንት አለቀ፣ ጋሼ።»

«የኛ ሰፈር አለቀ። በኔ እርምጃ የተጻፈ ወረቀት ግን በየሰዉ ሳጥን ውስጥ ሞልቷል። ነገ አንዱ በዚህ እግሬ ሊያስለካኝ ይመጣል፤ የሰው ቤት ላፈርስ ነው። አርባ ዓመት በሰው ድንበር ላይ መስክሬ በራሴ ላይ መመስከር ያቅተኛል? በይ ጻፊ፤ የዓባይነህ እርምጃ በጎልማሳነቱ ሰባ አምስት፣ ዛሬ ስድሳ።»

ጻፈች። እሳቸው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት፤ ቀኑን አስጨመሩበት፤ ፈረሙ።

«ለወርቄ ግን እንዳትነግሪ» አሉ ሲነሡ። «ያመንኳት መስሏት ደስ ብሏታል።»

ሐረግም ችካሎቹን በሲሚንቶ ልታስይዝ ወደ ሰፈሩ ትወርድ ነበርና አብረው ወጡ። ጋሽ ዓባይነህ እንደ ልማዳቸው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ሐረግ ከጎናቸው ነች። ሳታስበው እሷም መቁጠር ጀመረች፤ እያሰበች ደግሞ እግሯን ያዝ አደረገች። ገበያው ጫፍ ሲደርሱ ቆሙ።

«ስንት ሆነልሽ?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ለኔም ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

እግሮቿን ቁልቁል ትክ ብለው አዩዋቸው፤ ከዚያ ፊቷን አዩ። ፂማቸው ውስጥ አንድ ነገር ፈገግ ሊል ሞከረ፤ ከለከሉት።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜሽ እርምጃሽ እንዲህ ካጠረ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ምን ተስፋ አለው?»