እጅ አውጪው

አንባቢዬ፣ ስብሰባ ላይ ሳያመዛዝን እጁን የሚያወጣ ሰው ያውቃሉ? እኔ ነኝ፤ ልጆቼን ስለ ውሸት የምገርፈው አባት!

በደርግ ጊዜ፣ ሆጤ በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ፣ በቀበሌያችን ዓመታዊ ግምገማ ሊቀመንበሩ «የእማማ ዘይነባ ጣራ ተጠግኗል፤ ሪፖርቱን የምትደግፉ?» አለ። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። እማማ ዘይነባ ግን መካከላችን ነበሩ፤ ጣራቸው እንደ ወንፊት ያፈሳል።

ተነሡና «ወላሂ፣ ማናችሁ ናችሁ የጠገናችሁልኝ?» ሲሉ ቀድሞ የወረደው የኔ እጅ ነው።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን አጉረጠረጠና «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» አለ።

በማግስቱ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ቆርቆሮ ይዘን ጣራቸው ላይ ወጣን። ሊቀመንበሩ በመንገዱ ብቅ ሲል መዶሻችን ቆመ። ተጠገነ የተባለን ቤት መጠገን ሪፖርቱን መቃወም አይደል? መቃወም ደግሞ ያሳስራል።

እማማ ዘይነባ ከታች ጮኹ፦ «ምቱ እንጂ ልጆቼ! ዝናቡ እንደሁ ስብሰባ አልተቀመጠ!»

ሊቀመንበሩ እያየኝ እጄን አንሥቼ መታሁ።