የበቅሎ ጠባቂው ፈቃድ

ሰው ለጥፋቱ ከተቀጣ በኋላ ቅጣቱ የሚያልቀው መቼ ነው? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እኔስ ባሰብሁት ቁጥር ይዞርብኛል። ሽማግሌዎቹን ብጠይቅ «ተወው እባክህ» አሉኝ። ቄሱን ብጠይቅ «ንስሐ ከገባማ አለቀ» አሉና የገዛ በቅሏቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩ።

ይህን ጣጣ ያመጣብኝ ቢራራ ነው፤ በቅሎዬን የሰረቀኝ ሰው። ይፋግ ላይ ተይዞ፣ ተገርፎ፣ በእግር ብረት ከርሞ ወጣ። መሬት የለው፣ በሬ የለው፤ የሚያውቀው በቅሎ ብቻ። ስለዚህ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር የገበያተኛ በቅሎ እየጠበቀ እፍኝ እፍኝ እህል ሊያገኝ አሰበ። ለዚህ ግን የገበያው ሹም ፈቃድ ያስፈልጋል። ሹሙ ማንነቱን ሲሰሙ ሳቁ። «በበቅሎ ስርቆት የታሰረ በቅሎ ጠባቂ? ኧረ በጊዮርጊስ!»

ታዲያ ቢራራ ማንን ዋስ ቢጠራ ጥሩ ነው? እኔን! «አያ፣ ልጆቼ በረሃብ ሊያልቁብኝ ነው። አንቱ ይቅር ካሉኝ ሌላው ምን ይለኛል?» ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ። አንጀቴን በላው፤ አብሬው ሄድሁ።

«በቅሎህን ሰርቆሃል አልሰረቀህም?» አሉኝ ሹሙ፣ ከበቅሏቸው ሳይወርዱ።

«ሰርቆኛል ጌታዬ፤ ግን ከእኔ ቤት ይልቅ እሱ ዘንድ ተመችቷት ወፍራ ነው የተመለሰችልኝ።»

እውነቴን እኮ ነው! ሹሙ ግን አፈጠጡብኝ። «እንግዲያው ተስማምታችሁ ነበራ!» አሉና በቆምሁበት ተጠርጣሪ ሆንሁ። «ሌባ በቅሎ አይጠብቅም፤ በቃ!»

ይህን ብለው ሳይጨርሱ ጨው ተራ ጠብ ተነሣ። በግርግሩ መሐል በበቅሎ ማለፍ አይቻልም፤ ሹሙ ዘለው ወረዱና ልጓሙን አጠገባቸው ለቆመው ሰው ወረወሩለት። «እንካ፣ ያዝልኝ!»

የተቀበለው ቢራራ ነው። ሹሙ ማን እንደያዘላቸው ሳያዩ ወደ ጠቡ ሮጡ።

«አያ፣ አሁን ጠባቂ ነኝ ወይስ አይደለሁም?»

«ልጓሙን ብቻ እንዳትለቅ» አልሁት።

አንድ የእብናት ነጋዴ መጣ፤ የሹሙን በቅሎ የያዘ ሰው ሲያይ የራሱንም አስረከበ። ከአንበሳሜ የመጣውም እንዲሁ። ሹሙ ጠቡን አብርደው ሲመለሱ ቢራራ በበቅሎ ተከቦ አይታይም።

«ማን ፈቀደልህ?» ብለው ጮኹ።

ቢራራ ልጓሙን በሁለት እጁ አቀረበ። «የርስዎ በቅሎ፣ ጌታዬ።»

ሹሙ ልጓሙን ተቀበሉ። በቅሏቸው ላይ ወጡና ሄዱ። ፈቀዱ አይባል፣ ከለከሉ አይባል። ቢራራ ዛሬም ያለ ፈቃድ ይጠብቃል፤ የሹሙም በቅሎ በየገበያ ቀኑ እሱ ዘንድ ናት። ዋስ የሆንሁት እኔ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ በቅሎዬን ቤት አስሬ ገበያ የምሄደው በእግሬ ነው።