የአዴ ጠጅቱ ነጭ ግድግዳ

አከራይ ሁሉ አንድ ነው። ይህን የምለው በወሬ አይደለም፤ አዲስ አበባ ኪራይ አስወድዳ ካባረረችኝ ወዲህ ሰበታ ኖሬያለሁ፣ ቡራዩ ኖሬያለሁ፣ ይኸው አሁን ሱሉልታ ነኝ። አከራይ ቤቱን ይሰጥህና አንዲት ነገር ለራሱ ያስቀራል፤ ከዚያ በኋላ ሥራው እሷን መጠበቅ ነው። የሰበታው አከራዬ ውሃ ጠባቂ ነበር፤ ፊቴን ስታጠብ ቧንቧው አጠገብ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠራርግ ነበር። የቡራዩዋ እንግዳ ጠባቂ ነበረች፤ አክስቴ ልትጠይቀኝ ብትመጣ "እውነት አክስቱ ነሽ?" ብላ መታወቂያ ልታስወጣት ምንም አልቀራት። የሱሉልታዋ ግን ሁሉንም ያስመሰግናሉ። እሳቸው የሚጠብቁት ጭስ ነው።

ክብርት ወይዘሮ ጠጅቱ ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ሰፈሩ በኦሮምኛ አክብሮት "አዴ ጠጅቱ" ይላቸዋል፤ እኔ በልቤ የጭስ ሚኒስትር አድርጌ ሾሜያቸዋለሁ። ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ተከራዮች ነን፤ ባጃጅ የሚነዳው ኩምሳ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሻይና ንፍሮ የምትሸጠው ሮዛ፣ እኔና ባለቤቴ ቤተልሄም። ቆጣሪው አንድ ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ አንድ ላይ ከተሰካ መብራቱ ይጠፋል፤ ሳይሰካም ይጠፋል። ስለዚህ የምናበስለው በጋራ ማድቤት፣ በባሕር ዛፍ ፍልጥ፣ አዴ በገዛ እጃቸው ከጭቃ በሠሯቸው ምድጃዎች ነው። ምድጃዎቹ ከሥራቸው አየር የሚገባበት የፌሮ ወንፊት፣ ከኋላቸው ጣራውን በስቶ የሚወጣ የቆርቆሮ ጭስ ማውጫ አላቸው። እንዲህ ያለ ምድጃ ሱሉልታ ውስጥ የለም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለች ባለምድጃም የለችም።

የገባሁ ዕለት የምድጃውን አፍ በፍልጥ ጠቅጥቄ፣ በፌስታል ለኩሼ እፍ እፍ ስል፣ ከኋላዬ "ማሎ!" የሚል ጩኸት ሰማሁ። በኦሮምኛ "እባክህ" እንደማለት ነው፤ እሳቸው ሲሉት ግን "እጅ ወደ ላይ!" ይመስላል።

"ሥራህ ምንድነው አንተ?"

"የኬሚስትሪ መምህር ነኝ።"

"ታዲያ አፉን ጠቅጥቀህበት በየት በኩል ይተንፍስ?"

ፍልጡን በእጃቸው እየዳበሱ ሁሉንም ጎትተው አወጡና ሦስት ቀጫጭን ብቻ መለሱ። ፌስታሉን አስጥለው ጭራሮ አስገቡ። እሳቱ ቀጥ ብሎ ተነሣ፣ ጭሱ ጠፋ። "ጭስ ማለት ሳይነድ የሸሸህ ማገዶ ነው" አሉኝ። ይህንን እኮ እኔ ለተማሪዎቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ነው የማስተምረው! ያልተሟላ ቃጠሎ ይባላል። እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠላኋቸው።

ፍልጥ ገዝቼ ሳራግፍ ከየት መጡ ሳይባል ከች ይላሉ። ሁለት አንሥተው ጆሯቸው አጠገብ ያጋጫሉ። "ኳ" ካለ ያልፋል። "ድፍ" ካለ እርጥብ ነው፤ "ገንዘብህን አውጥተህ ውሃ ገዛህ?" ይሉና ጣራ ሥር እንዲደረደር ያዛሉ፣ ግድግዳና መሬት ሳይነካ፣ ነፋስ በመሃሉ እንዲያልፍ። የተደረደረበት ቀን በጠመኔ ይጻፍበታል፤ ሦስት ወር ሳይሞላው የነካው ወዮለት። ጠመኔውን ደግሞ ከትምህርት ቤት የማመጣው እኔው ነኝ። በስንት ጥንቃቄ የጻፍኩትን ቀን መጥተው በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ ሲያደርጉት ይጠፋል። እጅ ጽሑፌን የናቁ መስሎኝ ስንቴ በገንኩ።

ሮዛ ድስቷን ሳትከድን ከጣደች "ለሰማዩ ነው የምትቀቅይው?" ትባላለች። ባቄላውን ሳትዘፈዝፍ ካደረች ያን ቀን መናኸሪያ አርፍዳ ነው የምትደርሰው፣ ስብከቱ ቶሎ አያልቅማ። ኩምሳ አንድ ጊዜ የምድጃውን አመድ ሳያወጣ ሊሄድ ሲል አዴ አመዱን በሣህን ይዘው ወጡና ባጃጁ ውስጥ፣ የተሳፋሪ ወንበር ላይ አስቀመጡለት። "አድርስልኝ" አሉት።

ሁሉም አብስሎ ሲጨርስ ደግሞ በየምድጃው እጃቸውን እየሰደዱ ፍሙ በአመድ መዳፈኑን ይፈትሻሉ። "ፍም ከማድቤት አይወጣም" የሚለው የግቢው ሕገ መንግሥት አንቀጽ አንድ ነው። ይህን ፍተሻ እንደ ስድብ ነበር የማየው። የተማረ ሰው ምድጃ ውስጥ እጅ ይገባል?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የቅዳሜው ግምገማ ነበር። ምድጃዎቹ ሲሠሩ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ኖራ ተቀብቷል። አዴ ስለዚያ ግድግዳ ሲያወሩ ስለ ልጅ የሚያወሩ ነው የሚመስሉት፤ ምድጃ ማለት ግድግዳ የማያጠቁር ነው፣ ግድግዳው ነጭ ከሆነ ሳንባችሁም ነጭ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ማድቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠይቃሉ።

"ግድግዳው እንዴት ነው?"

"ነጭ ነው፣ አዴ!" እንላለን ሦስታችንም።

አልነበረም። የሮዛ በኩል ግራጫ ሆኗል፤ የኩምሳ ቡናማ ነው፤ የእኔ ጥግ ጥላሸቱ እየተላላጠ ይረግፋል፤ ምክንያቱም እሑድ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እርጥቡን ፍልጥ የማነደው እኔ ነኛ። ያም ሆኖ "ነጭ ነው" ስንላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ደስ ብሏቸው ይመለሳሉ። "አየሽ" እላታለሁ ለሮዛ፣ "ሹም የሚፈልገው ይህንን ነው። ዓይኑ እያየ ውደሱኝ ይላል።" ሮዛ ትስቃለች። እኔም በአዋቂነቴ እኮራለሁ።

ሐምሌ ላይ ቤተልሄም ሴት ልጅ ወለደች። ሄመን አልናት። አማቴ እትዬ የሺወርቅ ከተጂ መጥተው ሲያርሷት ሰነበቱ፤ በዘጠነኛው ቀን ለቅሶ ደርሶባቸው ለአንድ ቀን ተመለሱ። ሲሄዱ ያሉኝ አንድ ነገር ነው። "ብርድ እንዳያገኛት አደራ!" አራስ ቤት እንዴት እንደሚያዝ ማንም ያውቃል፤ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል፣ ነፋስ የተባለ አይገባም። እኔም የመስኮቱን ጠርዝ በጨርቅ ጠቀጠቅኩ፣ የበሩን ሥር በጋቢ ዘጋሁ። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራት የለም፣ ክፍሉ ያንቀጠቅጣል። ማድቤት ደግሞ ምሳ ያበሰልኩበት ምድጃ ደም የመሰለ ፍም ይዟል።

አንቀጽ አንድን ጣስኩ። ፍሙን በከሰል ምድጃ ዝቄ አልጋው አጠገብ አስቀመጥኩ። ቤቱ ሞቅ አለ። ቤተልሄም "እሰይ፣ እግዜር ይስጥህ" አለችኝ። በሩን ዘግቼ፣ የጨዋ ባል ኩራት ተሰምቶኝ፣ ዳይፐር ልገዛ ወጣሁ።

ስመለስ ፍሙ ግቢው መሃል ኩሬ ውስጥ ተደፍቶ ቸስ ቸስ ይላል። የመስኮቴ መስተዋት ረግፏል። ቤተልሄም በረንዳው ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ታስመልሳለች። ልጄ አዴ ጠጅቱ ደረት ላይ፣ በነጠላቸው ሥር ነች፤ ስታለቅስ ይሰማል።

"ምን ሆነዋል? አራስ ዝናብ ላይ ያወጣሉ?" ብዬ ጮህኩባቸው። አዎ፣ በስልሳ ስድስት ዓመት ሴት ላይ ጮህኩ።

እሳቸው አልጮሁም። "ምድጃህ ይሞቃል፣ ፍም የለውም" አሉኝ። "የት ሄደ ብዬ ነው የመጣሁት።"

ጤና ጣቢያ በኩምሳ ባጃጅ ወሰድናቸው። ነርሷ ጠይቃኝ ያደረግኩትን ነገርኳት። "ግማሽ ሰዓት ብትዘገዩ ኖሮ…" አለችና አልጨረሰችውም። ሥራዬንም ጠይቃኝ ነበር፤ አልመለስኩላትም።

ሁለቱም ዳኑ። እኔ ግን አለቀልኝ። አዴ ያላወሩበት ቦታ የለም፤ እድሩ ላይ፣ ወፍጮ ቤት፣ ገበያ። "ኬሚስትሪ የተማረ ነው እኮ! ማሎ! የገዛ አራሱን!" ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ፤ ተማሪዎቼ "ቲቸር ፍም" አሉኝ። ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላዬ እፍ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። ሚስቴንና ልጄን ያተረፉልኝን ሴት ላመሰግናቸው ይገባኝ ነበር። አላመሰገንኩም። ውለታ ከበዛ ሰውን መጥላት ይቀላል፣ እኔ ቀላሉን መረጥኩ።

"ለገጣፎ ቤት አይቻለሁ፣ እንውጣ" አልኳት ቤተልሄምን።

ልጅቷን እያጠባች፣ "ተድላ፣ አዴ እኮ አያዩም" አለች።

"ምን አያዩም?"

"በዓይናቸው አያዩም። ያን ቀን አልጋው አጠገብ ቆመው 'የት ናት? የት ናት?' እያሉ ብርድ ልብሱን ይዳብሳሉ። ልጅቷ ፊታቸው ተኝታለች። እኔ አፌ አልከፈት ብሎኛል። እግሯን ሲያገኙት አለቀሱ።"

ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም። ፍልጡን ለምን እንደሚያጋጩ፣ ጠመኔውን ለምን እንደሚዳስሱ፣ ምድጃ ውስጥ እጃቸውን ለምን እንደሚሰዱ ገባኝ። ስለ ግድግዳው ለምን እንደሚጠይቁም ገባኝ። ሹም አሞገስን ብለን ስንስቅ የኖርነው ማየት የማይችሉ ሴት እየዋሸን ነው። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሄጄ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ካዱ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ለኩምሳ እንዳትነግር" አሉ። "አመዱን ይተወዋል።"

"ከመቼ ጀምሮ ነው፣ አዴ?"

"የባሌ ቤት ማድቤት መስኮት አልነበረውም። ሃያ ስምንት ዓመት ነው እዚያ ያበሰልኩት። ሰውየው ሲሞት መጀመሪያ ያፈረስኩት ያንን ማድቤት ነው። እነዚህን ምድጃዎች ስሠራ ግን ዓይኔ ደክሞ ነበር፤ ኖራው ሲቀባ እንደ ጥላ ነው ያየሁት።" እጄን ያዙ። "ግን ነጭ ነው አይደል? ግድግዳው?"

"ነጭ ነው" አልኳቸው።

አሁንም! ሁሉን ካወቅኩ በኋላ፣ እጄን ይዘውኝ!

ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው። የዓይን ሞራ ነው፣ በቀዶ ሕክምና ይነሣል አሉ፤ አንዱን ዓይን ሠሩላቸው። እንደታሸገ እኅታቸው ቤት አድረው፣ በማግስቱ ፋሻው ተፈትቶ ሊመለሱ ሆነ። ያለ ዓይን ያስለቀሰችንን ሴት በገዛ እጄ ዓይን እንደሰጠኋት የገባኝ ወደ ሱሉልታ ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው። ግቢ እንደደረስኩ "ግድግዳው!" አልኩ። ኩምሳ ባጃጁን አስነሥቶ ኖራ ሊያመጣ በረረ። ሮዛ ንፍሮዋን ትታ ጥላሸት ስትፍቅ ዋለች። እጃችን እስኪላጥ ቀባን።

በማግስቱ መጡ። ሰላምታ የለም፣ ሻንጣ ማስቀመጥ የለም፣ ቀጥታ ማድቤት። ደጃፉ ላይ ቆሙ። እኛ ሦስታችን እንደ ተማሪ ተሰልፈናል። ግድግዳውን ብዙ ጊዜ አዩት። ከዚያ ገቡና መዳፋቸውን የሮዛ በኩል አሳረፉ፣ ቀጥሎ የኩምሳ በኩል፣ ቀጥሎ የእኔ ጥግ። መዳፋቸው ነጭ ሆኖ ወጣ። እሱንም አዩት።

"ተድላ።"

"አቤት፣ አዴ።"

"የነሱ አንድ ዙር ነው። ያንተ ሦስቴ ተቀብቷል።"

የምገባበት ጠፋኝ። እድሩን አሰብኩ፣ ወፍጮ ቤቱን አሰብኩ፣ አዲስ ቅጽል ስሜን ጠበቅኩ። እሳቸው ግን አልፈውኝ ወጡና ወደ ፍልጡ ክምር ሄዱ። በጠመኔ የጻፍኩትን ቀን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በጣታቸው ሳያጠፉት፣ ጎንበስ ብለው አነበቡት።

"ጽሑፍህም አያምርም" አሉኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን መሰደብ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለገጣፎ ላለው ደላላ ደውዬ ቤቱን ተውኩት ያልኩትም ያን ዕለት ነው።

ቤተልሄም ልጅቷን ይዛ ወጣች። አዴ ፊቷን ትክ ብለው አዩ። "ይቺ ናት?" አሉ፣ ያላመኑ መስለው። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸውን ከፎጣው ሥር አስገብተው እግሯን ፈልገው ያዙ።

"አዎ" አሉ። "እሷ ናት።"

እኔ መጥረቢያውን አነሣሁና ፍልጡን ላቀጥን ሄድኩ።