አይላ በቀበሌ አዳራሽ ያነበበችው ልብ ወለድ

ደራሲነት ከሩቅ ሲያዩት ሥራ አይመስልም። ገበሬ ሲያርስ ይታያል፤ አናጢ ሲመታ ይሰማል፤ ደራሲ ግን መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ውጭ ውጭውን ሲያይ ነው የሚውለው። በደኅናው ጊዜ ሰው «ሥራ ፈት» ብሎ ያልፈዋል። በደርግ ዘመን ግን ውጭ ውጭውን የሚያይ ሰው አንድ የሚፈልገው ነገር አለ ማለት ነው፤ ያየውን የሚጽፍ ከሆነማ፣ እንግዲህ የቀረውን እናንተው ጨርሱት።

አይላ ፊንላንዳዊት ናት። ባሏ የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር መሐንዲስ ነበርና እሱን ተከትላ ባሕር ዳር መጣች፤ ጣና ዳር ከእኛ ግቢ አጠገብ ቤት ተከራዩ። ባልየው ገጠር ውሎ ገጠር ያድራል። እሷ ከማለዳ ጀምራ ታይፕራይተሯን ስታንኳኳ ትውላለች። የእንግሊዝኛ መምህር በመሆኔ በሰፈሩ የምታወራው ከእኔ ጋር ብቻ ነበር። ሁለት ልብ ወለድ ጽፋ አሳታሚዎች ሁለቱንም እንደ መለሱባት፣ ይህ ሦስተኛው ካልሆነላት መጻፍን እርም እንደምትል ነግራኛለች። ይህን የማውቀው እኔ ነኝ። ሰፈሩ የሚያውቀው ኳኳታውን ነው።

አንድ ቀን የቀበሌያችን ሊቀመንበር አስጠራኝ።

«ፈረንጇ ምንድን ነው የምትጽፈው?»

«ልብ ወለድ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«አገሯ ሶሻሊስት ነው ካፒታሊስት?»

«የአገሯ ጎረቤት ሶሻሊስት ነው» አልሁ። ከዚህ የተሻለ መልስ እስካሁንም አላገኘሁም።

ሊቀመንበሩ ጥቂት አሰበና ፈረደ። እሑድ ከቀበሌው የፖለቲካ ውይይት በኋላ በሕዝብ ፊት ታንብብ፤ አንተ ተርጉም። ፀረ አብዮት ነገር ከተገኘበት እሷ ወደ አገሯ ትሸኛለች። እኔ ወዴት እንደምሸኝ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። በውይይት ቀን የሚጠፋው ሁሉ ያን ቀን አልቀረም። አይላ ወረቀቷን ይዛ ቆመች። እሷ በአገሯ ቋንቋ የጻፈችውን ወደ እንግሊዝኛ እየመለሰች፣ እኔ ወደ አማርኛ እየመለስሁ የአንዲት ዓሣ አጥማጅ ሚስት ታሪክ ተጀመረ። «ብርዱ ሲበረታ ሐይቁ ይጠጥርና ሰው በእግሩ ይሄድበታል፤ የጭነት መኪና ሳይቀር ያልፍበታል» ብዬ ስተረጉም አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀመንበሩ ራሱ ሳቀ። «ሰላይ እንዲህ ያለ ውሸት አይጽፍም» ብሎ አጠገቡ ለተቀመጠው ሹክ ሲል ሰማሁት። ነፍሴ መለስ አለች።

ታሪኩ ግን ቀጠለ። አንድ ቀን በረዶው ተሰበረና ዓሣ አጥማጁ ሰምጦ ቀረ። ሚስቱ በየቀኑ ከዳር ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ስትጠብቅ አርጅታ እዚያው ትሞታለች። ሳቁ ጠፋ። ከኋላ ወይዘሮ ዘምዘም ተነሡ። ዓሣ ነጋዴ ናቸው፤ ባላቸው ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ ሲመለስ ከነታንኳው ጣና ውስጥ እንደ ቀረ በሰፈራችን የማያውቅ የለም።

«መምህር፣ ሴትዮዋ ልጆች አሏት?»

ጠየቅሁላቸው። ሁለት አሏት።

«እንግዲያማ የመቆሚያ ጊዜ የላትም! እኔ ገና ለቅሶ ላይ ሳለሁ ነው ልጆቼ ምሳ የጠየቁኝ። መረቡን አንሥታ ወደ ሐይቁ ትግባ በላት። እያለቀሰችም ቢሆን ትግባ።»

ተረጎምሁላት። አይላ እርሳስ አወጣችና የመጨረሻውን ገጽ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው። ወደ ቤት ስንመለስ ዓይኗ ቀልቶ፣ «እስከ ዛሬ የጻፍሁትን ሰምቶ የተከራከረኝ ሰው አልነበረም» አለችኝ።

የባሏ ውል ሲያልቅ ሄዱ። ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ሌላ ፊንላንዳዊ መሐንዲስ መጣ። ስሟን ብጠራለት ከወንበሩ ብድግ አለ። ያ ሦስተኛው ልብ ወለድ ታትሞ ስሟን እንዳስጠራው፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ እንደ ጻፈች፣ ዛሬ ከአገሩ ታላላቅ ደራስያን አንዷ እንደ ሆነች አጫወተኝ። በተለይ መጨረሻው፣ ሚስትየው እያለቀሰች መረቡን ይዛ ወደ ሐይቁ የምትገባበት፣ በየትምህርት ቤቱ ይነበባል አለ።

«ይህ የእኛ የፊንላንዳውያን ጠባይ ነው» አለኝ ደረቱን ነፋ አድርጎ፤ «የውጭ ሰው ሊያስበው አይችልም።»

ወይዘሮ ዘምዘምን ጠርቼ ላስተዋውቀው ፈልጌ ነበር። ገበያ ላይ ስለ ነበሩ ተውሁት።