አምስት ሺህ ዋት፣ ግን የት ተለክቶ?

በየሰፈሩ፣ የተጻፈ ቁጥር ሁሉ እንደ ተከሳሽ ፊቱ የሚቆምለት አንድ ሰው አይጠፋም። ልደታ፣ ፍርድ ቤት ስለሚበዛባት ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ዋናውን አግኝታለች፦ ክቡር ሊቀ ጠያቂያን ጋሽ ሸዋንግዛውን። ጋሽ ሸዋንግዛው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በፋብሪካ ውስጥ የመለኪያ መሣሪያ ሲፈትሹ ኖሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሰፈሩን እየፈተሹ ነው።

ቁጥር ሲነገራቸው ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው «መልካም። እንዴት ተለካ?» ይላሉ። ጤና ጣቢያ ነርሷ ግፊትዎ ከፍ ብሏል ብትላቸው፣ «ደረጃ ወጥቼ ትንፋሼ ሳይመለስ? ደረጃውን ነው የለካሽው፣ የኔ ልጅ» ብለው እንደገና አስለኩ። በማርያም ንግሥ ሕዝቡ ጢም ብሎ ነበር ያላቸውን ሰው እንኳ ከፊት ቆሞ ይሁን ከኋላ ሳያጣሩ አልለቀቁትም።

እዚያው ልደታ፣ ጠመንጃ ያዥ በሚባለው መንደር የሐበሻ ቀሚስ በማሽን የምትጠልፈው ቀመሪያ፣ እሳቸው በበሯ ሲያልፉ አንገቷን ደፍታ ሥራ የበዛባት ትመስል ነበር። በዚህ ሳምንት ግን ራሷ ጠራቻቸው። የመብራቱ ከፍ ዝቅ ማለት የጥልፍ ማሽኗን ቦርድ አንዴ አቃጥሎባታል። ሁለተኛ ከተቃጠለ ቤቱን መዝጋቷ ነው። የሙሽራ ቀሚሶች ደግሞ ተቆርጠው ይጠብቃሉ። ስለዚህ የመብራቱን ኃይል የሚያስተካክለውን ሳጥን፣ ስታቢላይዘር የሚሉትን፣ ልትገዛ ሁለቱም ተክለ ሃይማኖት ወረዱ።

ነጋዴው ሙኒር እንደ ገበያው ልማድ ዕቃው ላይ አምፖል ሰካ። አምፖሉ ቦግ አለ።

«ይኸው በራ! ኦሪጅናል ነው፣ እህቴ። አምስት ሺህ ዋት ይላል፣ አንብቢው።»

«አምፖል በራ ማለት አምፖል በራ ማለት ነው» አሉ ጋሽ ሸዋንግዛው። «አምስት ሺህ የተባለው ስንት ሰዓት ሠርቶ ነው?»

«ጋሼ፣ የጻፈው ፋብሪካው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም!»

«ፋብሪካው የት ሆኖ?»

«ቻይና ነዋ!»

ቀመሪያ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሙኒር ለመገላገል ሲል ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ ጎትቶ አመጣና በሱቁ በር ላይ ከሳጥኑ ጋር ሰካቸው። ምድጃዎቹ ፍም መሰሉ፤ ሳጥኑ ግን ምንም አልሆነም። ጋሽ ሸዋንግዛው በራሳቸው መለኪያ ደጋግመው አዩና በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይችላል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ ሙኒር።

ቀመሪያ ግን አንድ ነገር ከነከናት። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ በሩ ላይ ነው፤ ነፋስ አለው። የኔ ቤት ቆርቆሮ ነው። በቀትር እኔም ያዞረኛል።»

ሽማግሌው ልጁን እንደ ዳረ አባት አዩዋት። «ሙኒር፣ ምድጃዎቹን አንሣ። ወደ እሷ ቤት ነን።»

በቀትር፣ የጋለው ቆርቆሮ ሥር፣ ያው ሳጥን እነዚያኑ ምድጃዎች ተሸክሞ ጥቂት ቆየና ሽታ አመጣ፤ ወዲያው ቀጥ አለ። ቀመሪያ ማሽኗን በእጇ ዳበሰችው። ተሰክቶ ቢሆን ኖሮስ?

«የፋብሪካው ሰዎች ሌቦች ናቸው ማለት ነው?» አለች።

«አይደሉም። ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ለኩት፤ ያዩትን ጻፉ። ያንቺን ቤት አላዩም።»

ሙኒር እያጉረመረመ ሄዶ ተለቅ ያለውን አመጣ። እሱም በዚያው ሙቀት ተፈተነና ቻለ። ማሽኑ ተሰካ፤ መርፌው በነጩ ቀሚስ ላይ መሮጥ ጀመረ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ግን ሸሚዛቸው በላብ ርሶ፣ እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አድርገው እንደ ተቀመጡ ናቸው። «ጥቂት ልቆይ። ገና የከሰዓቱ ፀሐይ አለ።»

ጎረቤቷ ዲንቄ በበሩ ብቅ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዛሬስ እንዴት ልትገላገያቸው ነው?» ብላ ሳቀች።

«ማን ይገላገላቸዋል ብሎሽ ነው!» አለች ቀመሪያ፤ ያለቻትንም አንዲት የኤሌክትሪክ ማራገቢያ ወደ ሽማግሌው አዞረች።

«ኧረ ወደ ሳጥኑ እንዳይነፍስ! ልኬቱን ታበላሺዋለሽ።»

ቀመሪያ ማራገቢያዋን አስጠግታ ፊታቸው ላይ ብቻ አነጣጠረችው።